የታቹ ውሃ ሲነሣ

እንግዳው ሉማሜ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ ሻይ ቤቱ ገባ። የኔአለም ቀና አላለችም።

«አምበር ዘነበ?» አላት።

«ነፋስ ብቻ።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ደብረ ማርቆስ ላይ የጂኦግራፊ መምህርት ይሏታል፤ የስለላ ስሟ «ጠል» ነው። የሰውየውን ስም የላካት የስለላ ማዕከልም አያውቅም። ሙስዓብ መባሉን፣ የባሕር ተመራማሪ መሆኑን ራሱ ነገራት። የከዳቸው አሠሪዎቹ መርዝ የሞሉ በርሜሎችን ከሶማሊያ ጠረፍ ማዶ ሊያሰጥሙ ነው። በርሜሎቹን የጫነችው መርከብ ነገ ትነሣለች።

«ጥልቁ ይውጠዋል ይላሉ» አለ። «የክረምቱ ነፋስ ግን ጠረፉን ይዞ ሲነፍስ የላዩን ውሃ ወደ ውቅያኖስ ይገፋዋል፤ የባሕሩ ጅረትም ያርቀዋል። በምትኩ ከታች ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ጠረፉ ይወጣል። ዓሣ የሚበዛው እዚያ ነው። የሚስቴ ወንድሞች የሚያጠምዱትም እዚያው።»

ለሶላት ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። ወዲያው እንግዳውን ሊረከብ አለቃዋ አበባው ገባ። ሥራውን ያስተማራት፣ በእናቷ ስም የሚምልላት ሰው ነው።

«ሙስዓብስ?» አላት።

ስሙን ማን ነገረው?

ከአሠሪዎቹ በቀር ማንም አያውቀውም።

እንግዳው ፈርቶ አምበር ሄዶ እንደሚጠብቃቸው በረጋ ድምፅ ነገረችው። ሂሳብ ልክፈል ብላ ወደ ጓሮ ዞረች።

«ሊረከብዎ የመጣው ሰው የአሠሪዎችዎ ነው። በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ይግቡ። በዚህ ቁጥር ማዕከሉ ጋ ደውለው የነገሩኝን ሁሉ ይንገሯቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ላቆየው።»

አበባው ወደ አምበር እየነዳ ስለ ጤናዋ ጠየቃት። እንዲህ የሚጠይቃት ሌላ ሰው አልነበራትም። ስልኩ ጠራ። አዳመጠ። «አምበር የለም?» አለ። እጁን ወደ ጃኬቱ ሰደደ።

ሽጉጥ።

መሪውን ጨምድዳ ወደ ራሷ ሳበችው። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ።

ስትነቃ አበባው አይተነፍስም። የእሷም ግራ እጅ ተሰብሯል። ገበሬዎች ስበው አወጧት፤ የማን ልጅ እንደሆነች ሲጠይቋት የሌለ ስም ሰጠቻቸው።

አማኑኤል ከተማ ደርሳ፣ እጇን አሳስራ፣ ማዕከሉ ደወለች። መርከቧ ከወደብ ሳትወጣ ተይዛለች፤ እንግዳው ደኅና ነው። መምህርት የኔአለም ግን አሠሪዎቹ እንዳይፈልጓት በመኪና አደጋ ሞታለች ተብሎ ተነግሯል። ደብረ ማርቆስ እንዳትመለስ አሏት።

አከራይዋ እማማ ጥሩነሽ ትዝ አሏት። ወልደው ያላገኟትን ልጅ እሷን አድርገው ነበር። አሁን ደጃቸው ላይ ድንኳን ተክለው ያለቅሱላት ይሆናል።

የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ላይ ወጣች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴት ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት።

«ዘመድ ጥየቃ» አለች።

«እግዜር በሰላም ያገናኝሽ፣ ልጄ።»

አመስግና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።