ቻርጀሩን ትቶ ጋቢውን የወሰደ ሌባ

ኮምፒውተሩ የለም።

ጠረጴዛው አለ። የታረመው የወረቀት ክምር አለ። ቀይ እስክሪብቶው ክዳኑ እንደተከፈተ ተጋድሟል። ቻርጀሩ ሳይቀር ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ፣ ትንሿ መብራቱ በርታ፣ ገመዱ ኮምፒውተሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተዘርግቷል።

ሳጅን ፅናት በሩን መረመረች። ቁልፉ አልተነካም። መስኮቱም ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

"መጥፋቱን መቼ አወቁ መምህር?"

"ከቅዳሴ ስመለስ ነዋ። ሄድኩ፤ መጣሁ፤ የለም።"

መምህር ወልደ ሩፋኤል ይህን ሲሉ ጠረጴዛውንም እሷንም አላዩም። ስስ ኮታቸውን ደረታቸው ላይ ሰብስበው ይንቀጠቀጣሉ። ጥር ነው፤ የላስታ ጥር ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

"ጋቢዎስ?"

"እሱንም ወስደውታል መሰለኝ።"

ፅናት ቀና አለች። ላሊበላ ውስጥ ብዙ ስርቆት መርምራለች፤ የእንግዳ ካሜራ፣ የሆቴል ብርድ ልብስ፣ አንድ ጊዜም የአህያ ጭነት ከነአህያው። ኮምፒውተር ሰርቆ ቻርጀሩን የሚተው፣ አሮጌ ጋቢ ግን ይዞ የሚሄድ ሌባ እስከ ዛሬ አልገጠማትም።

ሰውየው አስተማሪዋ ናቸው። የከተማው ግማሽ ሕዝብ ቁጥር የተማረው ከእሳቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለልጆች የሚሆን የሒሳብ መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረዋል። ለእርማት ከወጣው የወረቀት ክምር በቀር መጽሐፉ ያለው ያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ "ሳይታተም ከቤቴ አይወጣም" ብለው ሌላ ቅጂ እንኳ አላስወጡም። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ደግሞ የመጨረሻ እርማታቸውንና ፊርማቸውን በዚሁ ሳምንት ይጠብቃል።

ሰባተኛ ክፍል ሳለች የፈተና ወረቀቷን የመለሱላት ቀን ትዝ አላት። መልሷ ልክ ነበር። የክፍልፋዩ መስመር ግን ተንጋዷል። "ልጄ፣ መስመሩ ከተንጋደደ የላዩ ቁጥር የላይ መሆኑ በምን ይታወቃል?" ብለው እንደገና አስጽፈዋታል።

"እዚህ ቤት ማን ማን ይገባል?"

"ማንም።"

"ማንም የሚባል ሰው አላውቅም መምህር። ስም ይስጡኝ።"

በዚህ መሀል ባለቤታቸው እትዬ ባንቺዓለም ገብስ የሞላ እንቅብ ታቅፈው ገቡ።

"ገበያ ነበሩ እንዴ?" አለች ፅናት።

"አይ፣ ከጎረቤት ተበድሬ ነው" አሉና ቶሎ ብለው ወደ ጓዳ አለፉ። ስሞቹን ከዚያው ከጓዳ ሆነው ሰጧት። አንዱ ግቢው ውስጥ የተከራየው አስጎብኚ ሰማኸኝ ነው። ሌላው መጽሐፉን በኮምፒውተር የሚጽፍላቸው መሐመድኑር ነው።

"መሐመድኑርን ተዪው!" አሉ መምህር፣ ድምፃቸው ድንገት ከፍ ብሎ።

ፅናት የወረቀቱን ክምር ለምርመራ ይዛ ወጣች።

ሰማኸኝ በማለዳ ያበጠ ቦርሳ ይዞ ወደ ብልባላ ሲጣደፍ ታይቷል። መንገድ ላይ ደርሰውበት ጣቢያ አመጡት።

"ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው?"

"የግል ዕቃ።"

"ክፈተው።"

ባለ ጥበብ ነጠላ ወጣ።

"ለማን ነው?"

"ለአንዲት... እናት።"

"ለእናትህ?"

"ለእናቷ።" ላብ አጠመቀው። "እናትየዋ ካልወደዱኝ ልጅቷን አላገኛትም ሳጅን። በጌታ፣ ሰው እንዳይሰማ።"

ፅናት ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሰማኸኝ ግን ጥርጣሬውን ከራሱ ላይ ለማራገፍ ቸኩሎ ነበር። ትናንት መምህርና መሐመድኑር ሲጯጯሁ መስማቱን፣ መምህርም "ከቤቴ ውጣ!" ማለታቸውን ተናገረ።

ለጣቢያው ኃላፊ ለኢንስፔክተር ጋሻዬ ይህ በቂ ነው። በቅርቡ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ ፋይል ሲከማችበት የማይወድ ሰው ነው። መሐመድኑር ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ተይዞ መጣ።

ፅናትና መሐመድኑር ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። አሁን በአንድ ጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ተቀመጡ።

"ትናንት ለምን ተጣላችሁ?"

"አልተጣላንም።"

"ከቤቴ ውጣ ብለውሃል።"

"ብለውኛል።"

"ለምን?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"መሐመድኑር፣ ካልነገርከኝ ልረዳህ አልችልም።"

"ወላሂ አልወሰድኩም። ሌላውን ግን አትጠይቂኝ።"

"ቻርጀሩ እዚያው ቀርቷል።"

ግንባሩን ቋጠረ። "እንዴት ይሆናል? ባትሪው እኮ ሞቷል። ያለ ቻርጀር ቢከፍቱት አንድ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ይጠፋል። የሰረቀው ሰው ምን ሊያደርግለት ነው?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ እንዴት ናቸው? ይበርዳቸዋል፤ ጋቢያቸውን ለብሰዋል?"

ፅናት ጋቢው መጥፋቱን ልትነግረው አልፈለገችም።

"ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ" አለ ኢንስፔክተር ጋሻዬ ኮሪደሩ ላይ።

"ዝም ያለ ሁሉ ሌባ አይደለም ጌታዬ።"

"ሌባ ያልሆነ ሰው ታዲያ ለምን ዝም ይላል?"

ፅናት ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

በምሳ ሰዓት እትዬ ባንቺዓለም ለእስረኛው ምሳ ይዘው መጡ። መምህር ከኋላቸው ተከትለዋል። የጣቢያውን ደረጃ በዱላቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ወጡ።

"ልጁን ልቀቁት" አሉ ፅናትን።

"እሱ ካልሆነ ማን ነው መምህር?"

አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ባለቤታቸው ትክ ብለው አዩዋቸው። መምህር ፊታቸውን አዙረው፣ ደረጃውን እየዳበሱ ወረዱ።

ፅናት ባለችበት ቆማ ቀረች። የዓመታት ድካሙ የጠፋበት ሰው "ተገኘ ወይ?" ብሎ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

የወረቀቱን ክምር ይዛ የጣቢያው ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ቀዩ እስክሪብቶ ያልደረሰበት ቦታ የለም። የጎደለ ነጥብ ይጨምራል፤ የተዘለለ ፊደል ይመልሳል። ብቻቸውን መስመር ይዘው በትልቁ የቆሙትን ክፍልፋዮችም አይምርም። አንዱ ጎን "መስመሩ አጥሯል፤ የታቹን ቁጥር ሙሉ ይሸፍን" የሚል ጽሑፍ አገኘች። ያው መምህር ናቸው፤ አልተለወጡም።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ደረሰች። አንድ ድፎ ዳቦ ለሦስት ልጆች እኩል ቢካፈል እያንዳንዱ ልጅ የሚያገኘውን ይናገራል። በዓረፍተ ነገሩ መሀል የገባችው ደቃቅ ክፍልፋይ ላይዋ አንድ፣ ታቿ ስምንት ነው። ቀይ የሚባል አልነካትም።

ገለጠች። እንደገና ገለጠች። በጽሑፍ መሀል የገቡት ትንንሾቹ ክፍልፋዮች ሁሉ ቀይ ሳይነካቸው ቀርተዋል። ስህተቱ ግን በየገጹ አለ፤ ሦስት መሆን ያለበት ስምንት፣ አንድ መሆን ያለበት ሰባት።

ተነስታ ወደ መሐመድኑር ሄደች።

"ክፍልፋይ በኮምፒውተር እንዴት ነው የሚጻፈው?"

ግራ ገባው። "ፕሮግራሙ ትእዛዝ አለው። የላዩን ቁጥር በአንድ ቅንፍ፣ የታቹን በሌላ ቅንፍ ትሰጪዋለሽ። መስመሩን ራሱ ያሰምራል።"

"ታዲያ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ለምን ይሆናል?"

"ብቻውን ከቆመ ሙሉ ቁመቱን ይሰጠዋል። በጽሑፍ መሀል ከገባ ግን መስመሮቹ እንዳይራራቁ ብሎ ያሳንሰዋል። ይተልቅ ካልሽ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ እሱን..." አቋረጠ።

"ትናንት 'ላተልቃቸው?' አልካቸው። እሳቸውም ከቤቴ ውጣ አሉህ።"

መሐመድኑር አቀረቀረ። "የእጅ ጽሑፋቸው ላይ ሦስትና ስምንት አልለይ ካለኝ ቆይቷል። ያርሙታል ብዬ እንደመሰለኝ እጽፈው ነበር። ትናንት አንዱን ስህተት ባነብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ፅናት፣ በአላህ ይዤሻለሁ። እኔ ፍርድ ቤት ብቀርብ ምንም አይደል። እሳቸውን እንዳታሳፍሪያቸው።"

እንባዋ መጣ። ፖሊስ መሆኗን አስታውሳ ለጊዜው መለሰችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መምህር ቤት ደረሰች። ብቻቸውን ባዶው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። የዳቦውን ገጽ ፊታቸው አስቀመጠች።

"ይህችን ያንብቡልኝ መምህር።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን አቀረቡት፤ አራቁት። ከዚያ በዚያ በክፍል ድምፃቸው አነበቡ፦ "አንድ ድፎ ዳቦ ለሦስት ልጆች እኩል ቢካፈል፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሦስተኛ ያገኛል።"

"ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ስምንተኛ ነው።"

መምህር ወረቀቱን ቀስ አድርገው አስቀመጡት።

"ብዙ ቦታ ነው?"

"ብዙ ቦታ ነው።"

"መሆን ያለበትን ነበር የማነበው፤ ያለውንማ አላየውም።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ብፈርም ልጆቹ ስህተት ሊማሩ ነው። ባልፈርም ለምን ይሉኛል። ቢሰረቅስ ማን ይጠይቀኛል አልኩ።"

"መሐመድኑር እንደሚጠረጠር አላሰቡም?"

"እንደሱ ያለውን ልጅ ማን ይጠረጥራል ብዬ! ቀን የመጣሁት ልናገር ነበር። ደጃፋችሁ ስደርስ አፌ ተሳሰረ።"

ፅናት ወንበሯን አስጠጋች። "አባትዎ የኔታ ገብረ መስቀል ዓይነ ስውር አልነበሩም? ገነተ ማርያም ስንቱን ያስተማሩ?"

"አንባቢያቸው እኔ ነበርኩ። አንዲት ቃል ብስት በመቋሚያቸው መሬቱን ይመቱ ነበር።" ፈገግ ለማለት ሞከሩና አቃታቸው። "የእሳቸው ትምህርት ግን በጆሮ ይገባል ልጄ። ክፍልፋይ ይታያል እንጂ አይሰማም። ላይ አለው፤ ታች አለው።"

"ላዩንም ታቹንም እኔ እነግርዎታለሁ።"

መምህር ወልደ ሩፋኤል አለቀሱ። ፅናትም ቅድም የመለሰችውን እንባ አልከለከለችውም።

ሲረጋጉ "አሁን የገብሱን ጎታ ልክፈተው?" አለቻቸው።

"በምን አወቅሽ?"

"የገነተ ማርያሙ መሬትዎ ገብስ በአህያ ሲገባ ባለፈው ሳምንት አይቻለሁ። ጎታው ጢም ብሎ ሞልቶ እትዬ ባንቺዓለም ገብስ ይበደራሉ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?" አሉ እትዬ ባንቺዓለም፣ ከጓዳው ብቅ ብለው ወደ ባለቤታቸው እየዞሩ። "ገብስ ልቀዳ ክዳኑን ባነሳ ጋቢው! ራስህ እስክትናገር ብዬ መልሼ ከደንኩት። ጣቢያ ምሳ ይዤ የሄድኩት እኮ ልጁ እንዳይርበው ብቻ አይደለም። ተከትለኸኝ መጥተህ ትናገራለህ ብዬ ነው። ዛሬ ካልተነፈስክ ነገ በማለዳ እኔው ልናገር ቆርጬ ነበር።"

መምህር አፋቸውን ከፍተው አዩዋቸው።

ኮምፒውተሩ ከገብሱ መሀል ወጣ። እንደ አራስ ልጅ በጋቢው ተጠቅልሏል።

"አቧራ እንዳይገባው ብዬ ነው" አሉ መምህር በሐፍረት።

በማግስቱ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው ጣቢያ ገቡ። ፅናት ልትናገርላቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት።

"ሌባው እኔ ነኝ" አሉ ለኢንስፔክተር ጋሻዬ። "ዓይኔ ደክሟል። ክፍልፋይ ማንበብ አልቻልኩም። ይህን ከመናገር ኮምፒውተሬን መቅበር ቀለለኝ።"

"ያልተፈጸመ ወንጀል ተፈጸመ ብሎ ማመልከት ራሱ ወንጀል ነው አባቴ። ይህን ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። ልጁን ፍቱትና እኔን እሰሩኝ።"

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ሲያገላብጥ ቆየ። "በማስጠንቀቂያ ታልፈዋል። ሁለተኛ እንዳይለምድዎት።" ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። "መጽሐፉ ሲወጣ ይንገሩኝ። የእኔም ልጅ ክፍልፋይ ላይ ተቸግሯል።"

መሐመድኑር ሲወጣ መምህር እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። እሱ ቀድሞ ደረቱ ላይ ተቀበላቸው። ተቃቅፈው ቆዩ።

"ጋሼ፣ ላተልቃቸው?"

"አተልቃቸው ልጄ። ሁሉንም አተልቃቸው።"

ለማተሚያ ቤቱ ተደውሎ ጥቂት ቀን ተለመነ። መሐመድኑር ትንንሾቹን ክፍልፋዮች አንድ በአንድ አተለቃቸው። የተወሰኑትን መምህር ለዩዋቸው፤ የቀሩት አሁንም ጭጋግ ናቸው። ስለዚህ ፅናት ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታነብላቸው ጀመር። እሷ ታነባለች፤ መምህር ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ መሐመድኑር ያርማል። እትዬ ባንቺዓለም ከራሳቸው ጎታ የተቀዳ የገብስ ቆሎ ያቀርባሉ።

የዳቦው ገጽ ላይ ደረሱ።

"አንድ ድፎ ዳቦ ለሦስት ልጆች እኩል ቢካፈል" አለች ፅናት፣ "እያንዳንዱ ልጅ ላዩ አንድ፣ ታቹ ስምንት ያገኛል።"

የመምህር ዱላ መሬቱን መታው።

"ሦስቱ ልጆች አንድ አንድ ስምንተኛ ከወሰዱ የቀረውን ዳቦ ማን በላው? አንቺ ደግሞ ፖሊስ ነኝ ትያለሽ!"

መሐመድኑር እየሳቀ ስምንቱን አጠፋና ሦስት ጻፈበት።