ቤት ጠራጊው ሌባ

የእርሾው ማድጋ የለም!

እማማ ፅጌ ከገበያ ገብተው ጓዳው በር ላይ ክው አሉ። ሬድዮው አለ። ስኳሩም አለ። የጠፋው ማድጋው ብቻ ነው። ማድጋው ውስጥ ግን፣ ከእርሾው ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ የጳውሎስ መልእክቶች ማብራሪያ ተደብቋል። ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ የልጅ ልጃቸው ወንጌላዊት በየቤቱ ተደብቃ የምታስተምርበት ነው። ያ መጽሐፍ ቀበሌ እጅ ከገባ ልጅቷ ወህኒ ወረደች ማለት ነው።

"የአብዮት ጥበቃው ደምሴ ነው!" አለች ወንጌላዊት። "ትናንት አጥራችን ሥር ሲያንጃብብ ነበር።"

"ቀስ በይ፣ ልጄ! ደምሴ ቢሆን አንቺንስ መች ይተውሽ ነበር?"

ፅጌ ጎንበስ አሉ። ወለሉ ተጠርጓል። ሞሰቡ ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም።

"ሌባ ደግሞ ቤት ይጠርጋል እንዴ?"

ወንጌላዊት አፏን ያዘች። "እማዬ! የትናንቱ ትምህርት! አይሁድ ለፋሲካ ቤታቸውን ጠርገው እርሾ የነካውን ሁሉ ያወጣሉ፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች 'አሮጌውን እርሾ አስወግዱ' ያለው ያንን ልማድ ይዞ ነው ብዬ ነበር።"

"ለእኛ ግን እርሾው የልብ ክፋት ነው ስትዪ ማን ወጥቶ ነበር?"

"ሸዋዬ! የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አለብኝ ብላ።"

ፅጌ የጎረቤታቸውን የሸዋዬን በር ሳያንኳኩ ገቡ።

"አንቺ፣ ማድጋዬን!"

"ነገ ፋሲካ አይደል፣ እማማ? ገበያ ሳሉ አጸዳሁልዎ" አለች ሸዋዬ ፊቷ በርቶ። "የእኔንም አወጣሁ።"

"የት ደፋሽው?"

"እህል ይደፋል እንዴ? ነውር አይደል! ለሙሉጌጥ ሰጠኋት። እሷ ገና አላመነችም፤ እርሾ አይከለክላትም ብዬ።"

ሙሉጌጥ የደምሴ ሚስት ናት።

ፅጌ ያ ሁሉ የጉልበት ቁርጥማት የት እንደገባ አያውቁም፤ ነጠላቸውን እየጎተቱ በረሩ። ሙሉጌጥ ደጇ ላይ እስከ ክርኗ ሊጥ ለብሳ ቆማለች።

"እማማ፣ እርሾዎ አጥንት አለው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከውስጥ የደምሴ ድምፅ መጣ። "ማነው?"

ሙሉጌጥ ወደ ውስጥ ዞር አለች።

"እማማ ፅጌ ናቸው! እርሾ ሊዋሱ መጡ!"

ሙሉጌጥ ላስቲኩን ከቀሚሷ ሥር አውጥታ ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጠችላቸው።

"ገልጬ አነበብኩት" አለች በሹክሹክታ። "መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ እኮ። በሚቀጥለው ስትማሩ እኔንም ጥሩኝ፤ ማድጋው እዚሁ ይቆይ፣ ከትምህርቱ በኋላ መጽሐፉን መልሰን እዚሁ እንደብቀዋለን። የደምሴን ጓዳ ማን ይፈትሻል?"