ሁለተኛው እጅጌ

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ እንደተቀመጠ ነው የሞተው። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል፤ ከአንገቱ ሥር አንድ ትልቅ የጨርቅ መቀስ እስከ መያዣው ድረስ ገብቷል። ከፊቱ የዳማው ገበታ ለሁለት ሰው ተደርድሮ አንድም ጠጠር ሳይንቀሳቀስ ቀርቷል።

መርማሪዋ ግን ሬሳውን ከማየቷ በፊት የሟቹን እህት ጩኸት ነበር የሰማችው።

«እሷ ናት! መቀሱ የእሷ፣ ቤት የዋለችው እሷ፣ ዛሬ ጠዋት የተጣላችውም እሷ! ምን ትጠብቃላችሁ? እሰሯት እንጂ! የወንድሜን ደም ሳልመልስ እህል በአፌ አይዞርም!»

ጣቷ የሚያመለክተው ደረጃው ሥር የተቀመጠችውን የሟቹን ልጅ ሚስት ነበር። ምራቲቱ አታለቅስም። የገዛችውን ክር እንደጨበጠች ግድግዳው ላይ አፍጥጣለች። ሰው ሲደነግጥ እንባው እንደሚደርቅ የሚያውቅ ያውቃል፤ እትዬ የሚሏት የሟቹ እህት ግን ይህንንም የጥፋት ማስረጃ አድርጋ ቆጥራዋለች።

«እህሉን ይቅመሱ፣ እትዬ» አለች መርማሪዋ። «የሚታሰረው ሰው አያመልጥም፤ በባዶ ሆድ ግን ጩኸት ያደክማል።»

ይህቺ መርማሪ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ ደረጃ ባየች ቁጥር የደረጃን ፈጣሪ የምትራገም ሴት ናት። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ነገር አንዴ ከያዘች ለምን፣ ለምን፣ ለምን እያለች ሰውን ከነፍሱ ታጣላዋለች።

የሟቹ ልጅ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠዋቱን ሙሉ አርባ ተሳፋሪ ጭኖ ሲመላለስ ነበርና እሱን ማንም አልጠረጠረውም። እየሮጠ ገባና አባቱን አየ፤ አክስቱን ሰማ፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺ… አላደረግሽውም፣ አይደል?»

እንግዲህ አንዳንድ ጥያቄ አለ፣ ከመጠየቁ መልሱ የሚቀል። ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ያቺን «አይደል» እስክትሞት ድረስ ይቅር እንደማትለው ፊቷ ላይ በግልጽ ይነበብ ነበር።

«ነይ እስቲ፣ ልጄ። የምትሠሪበትን ክፍል አሳዪኝ» አለቻት መርማሪዋ። ጉልበቷን ይዛ፣ እየተራገመች ወጣች።

ፎቁ ላይ አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ አበባ የታተመበት ጨርቅ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሳይደረብ በነጠላው ተዘርግቷል። የጨርቁ ዳር ላይ በልብስ ልክ የተቆረጠ ወረቀት፣ ፓተርን የሚሉት፣ በስፒል ተይዟል። አጠገቡ ተቆርጦ ያለቀ አንድ እጅጌ ተቀምጧል፤ ጠርዙ አይጥ የቀመሰው ይመስላል።

«ስፌት ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሦስት ሳምንት። አባባ የድሮ ፓተርኖቻቸውን ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ። ‹ወረቀቱ ያስተምርሻል፤ እኔ ትዕግሥት የለኝም› አሉ።»

«ምንም አላስተማሩሽም?»

«ይሰድቡኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት የሰፋሁትን ኮሌታ ወስጄ ባሳያቸው ‹ይሄ ኮሌታ ነው የአህያ ኮርቻ?› አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

ልጅቱ የጨበጠችውን ክር በጣቷ ጠቀለለች። ከዚያ «‹አንድ ቀን ይቆጭዎታል› አልኩ» አለች። «እትዬ በደጅ ሲያልፉ በመስኮት ሰምተዋል። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ ነው ነገሩ፤ ከገባሁ ጀምሮ አይወዱኝም።»

«መቀሱስ?»

«እዚህ ነበር የተውኩት፣ ወረቀቱ አጠገብ። አራት ሰዓት ላይ ክር አለቀብኝና ወጣሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆየሁም። አባባ ተነሥተው መክፈት ስለማይችሉ በሩን ገርበብ አድርጌው ነው የሄድኩት። ስመለስ…»

«ወደ ፎቅ ይወጡ ነበር?»

«እግራቸው ከተያዘ ሁለት ዓመት ሆናቸው።»

«ከመውጣትሽ በፊት መጨረሻ የሠራሽው ምንድነው?»

«አንዱን እጅጌ ቆርጬ፣ ወረቀቱን ለሁለተኛው…» ልጅቱ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለችና ፊቷ ተቀየረ። «ይሄን ማነው የነካው? የወረቀቱ ጽሑፍ ወደ ታች ሆኗል! ገልብጦ ሰክቶታል! ማነው ያበላሸብኝ?»

የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ መጣ። አማቷ ተገድሎ፣ እጇ ሊታሰር ደርሶ፣ ለወረቀት አለቀሰች! መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ወረቀቱን በቀስታ አንሥታ ወደ ብርሃን አደረገችው፤ ጨርቁን ዳሰሰች። አንድ የቆየ ሐፍረት ትዝ አላትና ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች።

ስትወርድ እትዬ እንደቆመች ነበረች።

«እትዬ፣ ስፌት ይችላሉ?»

«እኔ? ቁልፍ ሲበጠስብኝ ለወንድሜ ነበር የምሰጠው። አሁን ለማን ልስጥ? እሷ በላችልኝ!»

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

«ወንድሜን ማን ይጠላዋል! ቢጠሉትስ? ኩሩ ነበር። ለማንም አንገቱን ሰብሮ አያውቅም። ሚስቱን በድሎ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አጠፋሁ ሳይላት ነው የቀበራት።» እትዬ ይህን የተናገረችው ለወንድሟ ምስጋና ብላ ነው።

ሊጠየቅ የቀረው ሰው የሟቹ የድሮ ጨርቅ ቆራጭ ነበር። ቀጥ ያለ፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሽማግሌ ነው። ሃያ ዓመት በሟቹ ሱቅ ጨርቅ ሲቆርጥ ኖሮ፣ ከሥራው ከወጣ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከሟቹ ጋር ዳማ ይጫወታል።

«ዛሬም መጥቻለሁ» አለ ሳይጠየቅ። «አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ። አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ተኝቷል ብዬ ተመለስኩ። ደጃፉን አልተሻገርኩም።»

«ፎቁ ላይ ወጥተው ያውቃሉ፣ ጋሽዬ?»

«በሕይወቴ! የሴት ልጅ ጓዳ ምን አለኝ?»

«ከሥራው ለምን ወጡ?»

«ዘመኑ ተለወጠ። ሟቹ ፓተርን እያሳተመ ለባለሱቆች መሸጥ ያዘ። ወረቀት ካለ ቆራጭ ምን ያደርጋል?»

«ጥሩ ፓተርኖች ናቸው አሉ።»

«ከእነሱ የተሻለ አልተሠራም» አለ ሽማግሌው፣ ትንሽ ፈጠን ብሎ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም ፎቅ ላይ ሰበሰበቻቸው። ባልየው መስኮቱ ጋ ቆመ፣ እትዬ ብቸኛዋን ወንበር ያዘች፣ ቆራጩ በሩ አጠገብ ሆነ። አንድ ፖሊስ ካቴናውን ይዞ ከኋላው ቆሟል። ካቴናው ለማን እንደመጣ ሁሉም ያወቀ መሰለው፤ ልጅቱም ጭምር።

«እንግዲህ ከመሄዳችን በፊት» አለች መርማሪዋ «ይህቺ ልጅ የጀመረችውን ሥራ ትጨርስ። ወረቀቱን መጀመሪያ እንደሰካችው አድርጌ ሰክቼላታለሁ። በይ፣ ልጄ፣ ሁለተኛውን እጅጌ ቁረጪ።» ከሟቹ ዕቃ ውስጥ ያወጣችውን ሌላ መቀስ ሰጠቻት።

«ለገዳይ እጅ መቀስ ትሰጫለሽ?» ብላ እትዬ ዘለለች።

ልጅቱ ምን እየሆነ እንደሆነ አልገባትም። የመቀሱን አፍ ከፈተች። ምላጩ የጨርቁን ጠርዝ ነካ።

«ቆይ! ቆይ እንጂ! ገልብጪው! ጨርቁን ገደልሽው!»

ቆራጩ ነበር። ከበሩ ተወርውሮ የወረቀቱን ጫፍ ይዟል። ያዘና እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ለምን ይገለበጣል፣ ጋሽዬ?» አለች እሜቴ ለምን፣ ልስልስ ባለ ድምፅ።

ሽማግሌው ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

«እሺ፣ እኔ ልንገራችሁ። እኔም ድሮ ለእህቴ ልጅ ቀሚስ ልስፋ ብዬ ተነሥቼ ነበር። የእጅጌው ወረቀት አንድ ነው፤ እጅ ግን ሁለት ነው። ጨርቁ ፊትና ጀርባ እያለው ሳይደርብ በነጠላው የሚቆርጥ ሰው ለሁለተኛው ወረቀቱን መገልበጥ አለበት። እኔ ሳልገለብጥ ቆርጬ ሁለት ግራ እጅጌ አወጣሁ። የእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ይህቺም ልጅ ልክ እንደኔ ሰክታው ነበር የወጣችው። ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ።»

«በምን አወቅሽ?» አለ ባልየው።

«ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተወግቷል። የመጀመሪያዎቹ ቀዳዶች መሐል ለመሐል፣ ዝም ብሎ የተወጉ ናቸው፤ የጀማሪ እጅ። ጨርቁ ላይ ካሉት ቀዳዶች ጋር የሚገጥሙት ወረቀቱ ሳይገለበጥ ሲቀር ነው። እኔ ስደርስ ግን ተገልብጦ ነበር። ስፒሎቹ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው፣ ጋደም ብለው፣ ራሳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው። ልጅቱ ስታየው ተበላሸ ብላ አለቀሰች። መታረሙን እንኳ አላወቀችም፤ ሰው የማያውቀውን እንዴት አድርጎ ያርማል?»

መርማሪዋ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

«ስለዚህ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሙያ ያለው ሰው እዚህ ወጥቷል። ሟቹ እግራቸው የተያዘ ነው። እትዬ ቁልፍ አትተክልም። ልጃቸው አርባ ምስክር አለው። መቀሱ ደግሞ ወረቀቱ አጠገብ ነበር፤ ወረቀቱን የነካ እጅ ነው መቀሱን ይዞ የወረደው። ጋሽዬ፣ በሕይወቴ አልወጣሁም ብለውኛል። ለምን ዋሹኝ?»

ቆራጩ ወረቀቱን አልለቀቀም። ሲናገር ለማንም ሳይሆን ለወረቀቱ የሚናገር ይመስል ነበር።

«እያንዳንዷን መስመር እኔ ነኝ የሳልኳት። አሥራ ሁለት ዓመት። እሱ ስሙን ጻፈባቸው፤ ሸጣቸው፤ ከዚያ ቆራጭ አያስፈልገኝም ብሎ አባረረኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«ግን በየቅዳሜው ዳማ…»

«እጠብቅ ነበር! አንድ ቀን ‹በድዬሃለሁ› ይላል ብዬ። አንዲት ቃል! ዛሬ ገና እንደገባሁ ምን አለኝ? ‹ምራቴ በእኔ ፓተርን ስፌት እየተማረች ነው፤ ወጥተህ እይ።› በእኔ! ሰማችሁ? በእኔ! ወጣሁ። ሥራዬ ተዘርግቶ፣ ሲበላሽ አየሁት። እጄ መጀመሪያ ስህተቱን አረመ። ከዚያ መቀሱን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አነሣ።»

«ይህቺ ልጅ በእርስዎ ምትክ እንደምትታሰር አላሰቡም?»

ሽማግሌው ትከሻውን ነቀነቀ። «የእሱ ቤት ሰው ናት። እሷስ የማንን ነው የምትማርበት?»

ያኔ ነው ልጅቱ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው። ቀስ ብላ ወደ ቆራጩ ተጠጋች። ድምፅዋ አባቷን የምታናግር ልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

«ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ሳይሰሙ እንዳይሄዱ። አባባ ባለፈው ሳምንት አልጋቸው አጠገብ ጠርተውኝ ነበር። ‹ይሄ ሁሉ ወረቀት የእሱ ልፋት ነው፤ በድዬዋለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ፎቅ ልኬ ሥራውን አሳየዋለሁ፤ ሲወርድ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ እለዋለሁ› አሉኝ። ወጥተህ እይ ያሉዎት ለዚያ ነው። ሲወርዱ ሊነግሩዎት ነበር።»

ቆራጩ አፉን ከፈተ። «በ… በእኔ ፓተርን አለኮ…»

«ሊያስደንቁዎት ፈልገው ነዋ፣ ጋሽዬ። ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ።»

ቀጥ ብሎ የኖረው ሽማግሌ ወገቡ ተቆረጠ። ነፍስ ሲያጠፋ ያልተንቀጠቀጠው እጅ ወረቀቱን ለቀቀው፤ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያገባለት እንኳ አላየውም። ደግፎ አወረደው፤ ለቅሶው ከታችኛው በር እስኪወጣ ድረስ ይሰማ ነበር።

እትዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ምራቲቱ ሄደች። «ልጄ፣ አፌን ቆርጦ ይጣለው…»

«ይተዉት፣ እትዬ» አለች ልጅቱና ፊቷን አዞረች። ባልየው እጁን ቢዘረጋ አልያዘችውም። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

መርማሪዋ ለመውረድ ግድግዳውን ከያዘች በኋላ ተመለሰች።

«ልጄ፣ በእውነት እንደዚያ ብለውሽ ነበር?»

ልጅቱ የተበታተኑትን ስፒሎች እየሰበሰበች ነበር።

«አባባ? አባባ ይቅርታ የሚለው ቃል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እሱ በገደለው እኔ ልታሰርለት ነበር። ባሌ እንኳ አምኖ ነበር፤ እርስዎም አይተዋል። ሕጉ የሚፈርድበትን ይፍረድበት፤ ይሄኛው ፍርድ ግን የእኔ ነው። በቀረው ዕድሜው ሌሊት ሌሊት ሲነቃ ያስበው።»

እሜቴ ለምን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። በሩን ዘግታላት ወረደች።