የኮረብታው ዳቦ

«ታንኩ የሚቃጠለው ከፊት ነው ከኋላ?» አለች ቆንጅት፣ ብሩሿን ቀይ ቀለም ውስጥ እንደነከረች።

ወይኒ ከወረቀቷ ቀና አላለችም። «ከኋላ። ሞተሩ ያለው ከኋላ መሰለኝ።»

«መሰለኝ? ያንቺ አባት አይደል እንዴ ያቃጠለው?»

ሁለቱ ጓደኛሞች ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ዓመቱ 1974 ነው። በምሥራቁ ጦርነት የሞቱት ሰማዕታት በማግስቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይታሰባሉ፤ አባት ወይም ወንድም የሞተበት ተማሪ ከየክፍሉ እየወጣ ይናገራል። ወይኒ ስለ አባቷ ስለ ካላዩ የምትናገረውን ጽፋ ጨርሳለች። መምህር ገዛኸኝም ሁለት ጊዜ አንብበውት፣ «በተለይ ታንኩ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ብለዋታል።

ታንክ ግን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ፍስሃ የሚባል የክፍሏ ልጅ፣ «አባትሽ ፒያሳ ዳቦ ጋጋሪ አልነበር እንዴ? በምን ተዋጋ፣ በዳቦ?» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀባት። ታንኩ ያኔ ነው ከአፏ ያመለጠው። አንዴ ካመለጠ በኋላ መመለሻ አጣችለት። ከጦሩ የመጣው ወረቀት «በጀግንነት ተሰውቷል» ይላል እንጂ እንዴት እንደሆነ አይናገርም። እናቷም የምታውቀው ያንኑ ነው።

ከትምህርት በኋላ አፍንጮ በር ቤታቸው ስትደርስ አንድ እንግዳ ተቀምጠው አገኘች። የኮታቸው ግራ እጅጌ ባዶውን ኪስ ውስጥ ተወትፏል።

«ነይ ሳሚያቸው» አለች እናቷ ምብራት። ዓይኗ ቀልቷል። «ጋሽ አብዱልሃኪም ናቸው። ዳቦ ቤት ከአባትሽ ጋር ይሠሩ ነበር፤ የዘመቱትም አብረው ነው። ሐረር ዘመዶቻቸው ጋ ከርመው፣ አሁን ለሕክምና መጥተው ነው።»

«እዚህ ለመምጣት አራት ዓመት ፈጀብኝ» አሉ ሰውየው። «ምን ብዬ ፊታችሁ እንደምቀመጥ አላውቅም ነበር።»

ወይኒ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እዚያም ሥራችን ዳቦ መጋገር ነበር። አራት ነን፤ እኔ፣ አባትሽ፣ ገብረዮሐንስና አብዱልሃሚድ። ከአንድ ኮረብታ ሥር በድንጋይና በጭቃ ምድጃ ሠርተን ለጦሩ እንጋግራለን።»

የወይኒ ጆሮ ጋለ። ፍስሃ ልክ ነበር ማለት ነው።

«አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ መድፍ ይዘንብብን ጀመር። ኮረብታው ላይ ያሉት ልጆች ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሱም። መንገድ ተዘግቶ ዱቄቱ የደረሰን በዋዜማው ነው። ሻምበላችን፣ ‹ሁሉንም ትታችሁ ወደ ወንዙ ውረዱ› አለን። ካላዩ ሊጡን ገለጥ አድርጎ አየና፣ ‹ጌታዬ፣ ኩፍ ብሏል። ትንሽ ጊዜ ይስጡን› አለው። ሻምበሉ አየንና ትቶን ሄደ። እኛም ጋገርን።»

«ከዚያስ?» አለች እናቷ።

«ዳቦው ሲበስል፣ ዳገቱን ማን ይዞት ይውጣ? ካላዩ የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸክሞ ቀደመ። ተከተልነው። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በሦስተኛው ገብረዮሐንስ ወደቀ። በአራተኛው ሦስታችንም ተመታን። አብዱልሃሚድም ካላዩም እዚያው ቀሩ። ጆንያዎቹን ከላይ ያሉት ልጆች እየተሳቡ ወርደው ወሰዷቸው። ያን ቀን ኮረብታው ላይ ዳቦ ያልደረሰው ሰው የለም። ኮረብታውም አልተያዘም።»

«አባቴ ጠመንጃ አልነበረውም?» አለች ወይኒ።

«ነበረው እንጂ። ምድጃው ጋ ትቶት ሄደ። ጆንያውና ጠመንጃው አብረው አይያዙማ።»

ምብራት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ ሳይታሰብ ፈገግ አለች። «ሊጥ ኩፍ ካለ ካላዩን ከምድጃ ማን ያላቅቀው ነበር? የሠርጋችን ለት እንኳ ዳቦ ቤት ደርሶ ነው የመጣው።»

አብዱልሃኪም ሳቁ። ወይኒ አባቷ ሲነሳ በቤታቸው ሰው ሲስቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ለመሆኑ ስለሱ ሲጠይቁሽ ምን ትያለሽ?» አሏት።

ወይኒ ዓይኗን ሰብራ፣ «ነገ ትምህርት ቤት ስለሱ እናገራለሁ» አለች። «ይመጣሉ?»

«ቀጠሮዬ በጊዜ ካለቀ እመጣለሁ።»

ጠዋት ቆንጅት የተጠቀለለ ሥዕሏን ይዛ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ትጠብቃት ነበር።

«ታንክ የለም» አለቻት ወይኒ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት።

«የቱ ታንክ?»

«አባቴ አቃጠለው ያልኩት። ቀድጄ ነው።»

ቆንጅት ቀጥ አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ሸወድሽኝ?»

«አዎ።»

ወይኒ ዳገቱን እየወጡ ሁሉንም ነገረቻት። ቆንጅት እርምጃዋን አፈጠነች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ፣ «ያን ታንክ ለመሳል ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል» አለች። «ይቅር አላልኩሽም፣ ገባሽ?» ሥዕሉን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ወተፈችው። «የሁለቱን ሰዎች ስም ግን እንዳትረሺ። የአባትሽን ብቻ ብትጠሪ ሰውየው ይከፋቸዋል።»

ግቢው በተማሪ ጢም ብሏል። መምህር ገዛኸኝ ስሟን ሲጠሩ ወይኒ ወረቀቷን አውጥታ ቆንጅት እጅ ላይ አኖረችው። ባዶ እጇን ወደ መድረኩ ስትሄድ መምህሩ ግራ ተጋብተው አዩዋት። ከበሩ አጠገብ፣ ከዘበኛው ጎን፣ አንድ እጅጌው ባዶ የሆነ ኮት አየች።

«አራት ነበሩ» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «ገብረዮሐንስ፣ አብዱልሃሚድ፣ እዚያ በር ላይ የቆሙት ጋሽ አብዱልሃኪም፣ እና አባቴ ካላዩ። ዳቦ ጋጋሪዎች ነበሩ።»

ከፊት ረድፍ ፍስሃና አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ።

ወይኒ አልቸኮለችም። አገጯን ቀና አድርጋ፣ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።