ያልጨረስኩት መስመር

ይህ የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ... እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

የምሠራው የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ነው። የበሮቹን ፕሮግራም የምጽፈው እኔ ነኝ።

ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ኮዱ የተጻፈበትን ፋይል ራሱን ማስኬድ ይቻላል። የመጀመሪያው መስመር ላይ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚነበብ ትጽፋላችሁ፣ የመሥራት ፈቃድ ትሰጡታላችሁ፣ አለቀ። እንደኔ ላለ ሰነፍ ሠርግና ምላሽ ነው። በሩ በተነካ ቁጥር ያው ፋይል ይነበባል። ሴቭ ያደረግኩት ሁሉ ወዲያው ይሠራል...

ግማሹም ጭምር።

ከዚያ ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ የመክፈቻውን መስመር እያስተካከልኩ ራበኝ። ሳልጨርሰው ሴቭ አድርጌ ምሳ ወጣሁ። በዚያው ቀረሁ።

ሥጋ የምትመዝነው ሴት ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበረች። ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ... ከውስጥ መክፈቻውን ብትጫን፣ ብትጫን አልከፈተላትም።

ጠዋት ሰብረው አወጧት። ሞታለች።

እኔ ቶሎ ብዬ መስመሩን ጨረስኩት። ሲፈትሹት ፕሮግራሙ ደህና ነው።

"ዘበኛው ቆልፈውባት ነው" ተባለ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። አፈርኩ፣ ግን ዝም አልኩ።

መጋዘኑ ስለታሸገ የፋይሉን የመሥራት ፈቃድ አነሳሁበት። ያለ ፈቃድ አይሠራም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን... ሠራ።

ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዬ ሆኜ፣ ከታች የማቀዝቀዣው በር ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ፋይሉን ከፈትኩት። የጨረስኩት መስመር ግማሽ ሆኗል።

ጨረስኩት። ሴቭ። እንደገና ከፈትኩት...

ግማሽ።

ኪቦርዱ በረዶ ሆኖ ጣቴን አደነዘዘኝ።

"ልጄ..."

ዘበኛው ናቸው። የቢሮዬ በር ላይ ቆመዋል።

"አልቆለፍኩም" አሉ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ አባባ።"

"ታዲያ ንገርልኛ! ፖሊሶች ሊወስዱኝ ታች ቆመዋል።"

የሳቸው ቤት ስንት አፍ ይጠብቃቸዋል...

ድንገት ዘወር አሉ። ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁ፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

"እታለም?" አሉ።

እኔ ማንንም አላየሁም። አጠገቤ ያለው ወንበር ግን ሲጥ አለ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ!" ልል አፌን ከፈትኩ።

ድምፅ አልወጣም።

በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ፀሐይ... ከአፌ የወጣው ነጭ ጉም ብቻ ነበር።