የበሰቃዋ ወይስ የቃሊቲዋ?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም፣ አላምንም ነበር ማለቱ ይሻላል መሰለኝ፣ እገሌ ከሞተ በኋላ ገበያ ላይ ታየ ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ፋብሪካችን ውስጥ ማንም ሳይነካው የሚሰፋ ማሽን አለ ተብሎ ሲወራ እንኳ «ታዲያ ምነው ሥራችንን አይጨርስልንም?» ብዬ ያሾፍኩት እኔ ነኝ። የምጠረጥረው መንፈስን ሳይሆን ሰውን ነው። ሽንኩርት ሲመዘንልኝ ዓይኔን ከሚዛኑ ላይ አላነሳም፣ ሥራዬም ይኸው ነው፣ ቂሊንጦ አንድ የልብስ ፋብሪካ ኳሊቲ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሸሚዞች እየገለበጥኩ ጉድለት እፈልጋለሁ። እመኑኝ፣ እስካሁን ጉድለት የሌለው ሸሚዝ አላየሁም።

ትርሲትን ላስተዋውቃችሁ። እዚያው ፋብሪካ ካውያ ላይ ነው የምትሠራው፣ ሰርቪስ ላይ ጎን ለጎን መቀመጥ ከጀመርን ወዲህ ጓደኛዬ ብቻ ሳትሆን ዘመዴም እሷው ሆናለች፣ እናቴ ካረፈች በኋላ የክርስትና ስሜን የሚያውቅ ሰው ከትርሲት በቀር የለኝም። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ ለእኔ ግን ማን መሆኔን ከሥሬ የምታውቅ አንድ ሰው አለችኝ ማለት ነው። የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል፣ ስለዚህ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፣ ይህቺን ያዙልኝ።

ሁለታችንንም ያሳበደን አንድ በትርጉም የሚታይ የውጭ ተከታታይ ፊልም ነበር፣ አንድ ሐኪም ሚሬላ ከምትባል ሴት ደም ቀድቶ ቁርጥ እሷን የምትመስል ሌላ ሚሬላ ይሠራል፣ ክሎን የሚሉት ማለት ነው። ፊልሙ መሐል ላይ ሲቋረጥብን ተናደድንና ሁለቱን ሚሬላዎች አቃቂ አምጥተን የራሳችንን ታሪክ በቴሌግራም መጻፍ ጀመርን፣ ልጆቹ ፋን ፊክሽን ይሉታል። አንዷ አቃቂ በሰቃ ልብስ ትሰፋለች፣ ሌላዋ ቃሊቲ የባቡሩ መጨረሻ ላይ ቁርስ ትሸጣለች፣ ቦታውን የመረጥነው እኔ በሰቃ ተከራይቼ ስለምኖር፣ ትርሲት ደግሞ ቃሊቲ ኮንዶሚኒየም ስለሆነች ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

እውነተኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በጽሑፉ ውስጥ ትንፍሽ አላልንም። አንባቢዎቻችን በዚህ ነገር ተፋጁ፣ «የበሰቃዋ ናት!» «ኧረ የቃሊቲዋ!» እየተባባሉ እስከ መሰዳደብ ደረሱ። እውነተኛዋ የቃሊቲዋ መሆኗን የምናውቀው እኔና ትርሲት ብቻ ነን፣ ሰርቪስ ላይ በጆሮ ተንሾካሹከን የተስማማንበት ነው። መለያውን ያመጣችው ትርሲት ነች። «ፊትም ደምም ይቀዳል፣ የክርስትና ስም ግን ከደም ውስጥ አይገኝም፣ ስሟን ይጠይቋትና ትለይ» አለችኝ፣ በዚህች ሐሳብ እንዴት እንደኮራን አልነግራችሁም።

የመጨረሻውን ክፍል አንድ እሁድ ከሰዓት እኔ ቤት ልንጽፍ ተቀጣጠርን፣ እኔ እስከማስታውሰው እኔ ቤት ነበር። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ሄዷል። የግቢው በር ተንኳኳ። የመጀመሪያው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ቦቢ አልጮኸም። ቦቢ የአከራዬ የእትዬ ሸዋዬ ውሻ ነው፣ ትርሲትን ባየ ቁጥር ሰንሰለቱ እስኪበጠስ ይጮህባታል፣ ያን ቀን ግን ጅራቱን እየቆላ ተቀበላት፣ እኔን እንደሚቀበለኝ ማለቴ ነው። ለመደሽ ማለት ነው አልኩና ሻይ ቀዳሁላት።

ሻዩ እስኪበርድ ድረስ የመጋረጃዬን ጠርዝ ገለበጠችው። ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች፣ የተረፈች ክር አገኘችና በጥፍሯ ቆርጣ ጣለቻት። ይሄ የእኔ አመል ነው። ሰው ቤት ሄጄ እንኳ አይለቀኝም፣ ትርሲት ሁልጊዜ የምትስቅብኝ በዚሁ ነው።

«ምነው፣ ኳሊቲ ክፍል ተዛወርሽ እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። አፏን ግን አልሸፈነችም፣ የተሸረፈችው ጥርስ ፍጥጥ ብላ ታየችኝ። ጥርሷ የራሷ ነው፣ ባለፈው ሳምንት ካውያ ያቃጠላት አውራ ጣቷም እንደታሸገ ነው፣ ድምፁም የእሷው ነው፣ ታዲያ ምኗን ነው የምጠረጥረው? ሞኝነቴ ነው አልኩና ስልኬን አውጥቼ፣ ግን ለማጣራት ያህል፣ «እና እውነተኛዋ የትኛዋ ትሁን?» አልኳት።

«የቃሊቲዋ ናት፣ ተስማምተን የለ?»

ትንሽ ቀለለኝ። መጻፍ ጀመርኩ። እሷ ግን መስኮቱን እያየች «የከበደኝ የበሰቃዋ ነገር ነው» አለች። «ቅጂ መሆኗን እኮ ራሷ አታውቅም። እናቴ ብላ ታለቅሳለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ሰው ትጠረጥራለች። ማን ይነግራታል?»

«ሰው ትጠረጥራለች» ብለን የጻፍነው ቦታ የለም። ቀና ብዬ ሳያት እኔኑ ታየኛለች፣ እንደ ማዘንም ያለ አስተያየት ነበር። ከዚያ «መጣሁ» ብላ ግቢ ውስጥ ወዳለው ሽንት ቤት ወጣች።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ትርሲት ይላል። ሶፍት አምጪልኝ ልትለኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ አነሳሁት።

«ዝናሽ፣ ደህና ገባሽ ወይ? ዣንጥላሽን እኮ እኔ ቤት ረስተሽው ሄድሽ» አለችኝ።

«የት ነሽ አንቺ?»

«የት እሆናለሁ፣ ቤቴ ነኛ! አሁን እኮ ነው የሸኘሁሽ፣ ምን ነካሽ?» ከኋላዋ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ደረጃው ላይ ሲንጫጩ ይሰማኛል፣ ያንን ጫጫታ አውቀዋለሁ።

ወደ በሩ ዞርኩ። ዣንጥላዬ የሚንጠለጠልባት ሚስማር ባዶዋን ነች። በእናቴ አፅም እምልላችኋለሁ፣ ያን ቀን ከቤቴ አልወጣሁም። በዝናቡ ሮጥኩ፣ የሽንት ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጡ ማንም የለም። ቦቢ ከቤቱ ወጥቶ ጮኸ፣ የጮኸው በእኔ ላይ ነው፣ በየቀኑ አጥንት የማበላው ውሻ ጥርሱን አሳየኝ። እትዬ ሸዋዬ በመስኮት ብቅ አሉ።

«እትዬ፣ ትርሲት ስትወጣ አይተዋታል?»

«ትርሲትን አላየሁም፣ ልጄ። ያየሁት አንቺን ነው፣ ቅድም ዣንጥላ ይዘሽ ስትወጪ። መቼ ተመለስሽ?»

ቤት ስገባ ሁለቱም የሻይ ብርጭቆዎች ተጠጥተው አልቀዋል። እኔ ሻዬን መጠጣቴ ትዝ አይለኝም።

ሰኞ ጠዋት ትርሲት ዣንጥላውን ይዛ ሰርቪስ ላይ ጠበቀችኝ። የእኔው ነው፣ የተቀደደ ጠርዙን በቀይ ክር የጣፍኩት ራሴ ነኝ፣ ሰው የገዛ ስፌቱን አይስትም። ቦታዬን ይዤ ሁሉንም ነገርኳት፣ እሷም የራሷን ነገረችኝ። የተቀጣጠርነው እሷ ቤት ነው፣ እኔም ሄጄ አብረን መጻፍ ጀምረን ነበር አለች።

«ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ ትሸፍኚ ነበር» አለችኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። «በጥርሴ ያሾፍሽብኝ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር።»

«ትርሲት፣ እኔ መች አፌን ሸፍኜ አውቃለሁ?»

 አውቶቡሱ የቂሊንጦን መንገድ ያዘ። ከዚያ ጆሮዋን ወደ አፌ አስጠጋችና «ስምሽን ንገሪኝ» አለችኝ። የትኛውን ስም እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለእናንተ አልነግራችሁም፣ አትቀየሙኝ፣ ለእሷ ግን በጆሮዋ ነገርኳት፣ በቃ አሁን አቅፋኝ ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

ትርሲት ቀስ ብላ ከእኔ ራቀች።

«ትናንት ሳቋ ግራ ሲገባኝ እሷንም ጠይቄያት ነበር» አለች። «ይህንኑ ነው ያለችኝ።»

እኔም የእሷን ልጠይቃት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። ብትመልስልኝስ ምን ይጠቅመኛል?

የመጨረሻውን ክፍል እስከ ዛሬ አልጨረስነውም፣ አንባቢዎቹ ይነዘንዙናል። አሁንም ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው፣ ቦርሳዎቻችንን ግን መሐላችን እናስቀምጣለን። እኔ እኔ መሆኔን የምትመሰክርልኝ በዚህ ዓለም ትርሲት ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ዛሬ የምታየኝ እኔ ሸሚዝ በማይበት ዓይን ነው፣ ይሄ እንዴት እንደሚያም ልነግራችሁ አልችልም።

ባለፈው ሹፌሩ አንድ ቀልድ ጣል አደረገና ሰርቪሱ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ከልቤ ሳቅኩ። ዞር ስል ትርሲት አልሳቀችም፣ እጄን ታያለች። እጄ አፌ ላይ ነበር።