ማንም ያልሰማው የቨርሊን ሃጊንስ ሸክላ

የብዙዎች መሆን የሚገባውን መልካም ነገር ለብቻው የደበቀ ሰው፣ የደበቀው ነገር ዘበኛ እንጂ ጌታ አይሆንም፤ ዘበኝነቱም ውሎ አድሮ ወደ ወንጀል ይነዳዋል። ይህን የሚጠራጠር ቢኖር፣ በላንካሸር፣ በአክሪንግተን ከተማ በአንድ የጥቅምት ሳምንት የሆነውን ያድምጥ።

ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት የሸክላ ነጋዴው ዴዝመንድ ክሮምፕተን የብረት ሣጥኑን ከፈተ። በሣጥኑ ውስጥ ያገኘው የሙዚቃ ሸክላ የእሱ አልነበረም።

መጠኑ ያው ነው። ክብደቱም ያው። ነገር ግን አንድም ድምፅ ያልተቀረጸበት ባዶ ሸክላ ነበር።

በአራት ሰዓት መርማሪ ሳጅን ኖሪን ሃስላም ከጣሪያ እስከ ወለል በሸክላ በተሞላው ሱቅ ውስጥ ቆማ፣ ዴዝመንድ እንባውን ጠርጎ እስኪጨርስ ትጠብቅ ነበር።

«የጠፋው ምንድን ነው?» አለችው።

«የናሙና ሸክላ። ቨርሊን ሃጊንስ ዲትሮይት ውስጥ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በፊት የዘፈነችው። ኩባንያው ሳያወጣው ከሰረ፤ ቴፑም ተቃጠለ። ዛሬ ወደ ማተሚያ ቤት ልወስደው ነበር፣ ሳጅን። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው አዝዞ እየጠበቀ ነው።»

«ዘፈኑ እንዴት ያለ ነው?»

ዴዝመንድ ጫማውን ተመለከተ።

«ጥያቄው ከበደህ?»

«አልሰማሁትም።»

ኖሪን እስክሪብቶዋን አወረደች። «ሸክላው በእጅህ ምን ያህል ጊዜ ቆየ?»

«ዐሥራ ስምንት ወር።»

«በዐሥራ ስምንት ወር አንድ ጊዜ እንኳ?»

«እርስዎ አልገባዎትም። የናሙና ሸክላ ላዩ ለስላሳ ቅብ ነው፤ መርፌው በዞረበት ቁጥር ይላጣል። መጀመሪያ የሚጫወተው ማተሚያ ቤት ቅጂው ሲወሰድ እንዲሆን ነው የፈለግሁት። አቧራ እንዳይነካው ሣጥኑን እንኳ አልከፍትም ነበር።»

«እነዚያ አራት መቶ ዐሥራ ሁለቱስ ሰምተውታል?»

«ማን ያሰማቸዋል? ቨርሊን ሌላ አንድ ሸክላ ብቻ ነው ያላት፤ እሱንም የሰሙት ጥቂቶች ይምሉበታል። በዚያ ተማምነው ነው።»

ሳጅኗ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ ብዙ ሞኝነት አይታለች፤ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ሲጠብቅ የሚያረጅ ሕዝብ ግን አላጋጠማትም ነበር።

ዴዝመንድ ሣጥኑን በዐሥራ ስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ማክሰኞ ጧት ነበር፤ ሸክላው በቦታው ነበር፤ ቁልፉንም እዚያው ላይ ረሳው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በየተራ ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ቆዩ፤ ዴዝመንድ ለእያንዳንዳቸው ሻይ ሊያፈላ ፎቅ ወጥቶ ነበር፤ ከእነሱ በቀር ብቻውን የቀረ ሰው አልነበረም። አንደኛው ባዝ ትሬልፎል ነው፤ ስለ መዘግየቱ ሊሳደብ የመጣ የጭነት መኪና ነጂ። ሁለተኛው ግሌን ፌርክላፍ ነው፤ በሠራተኞች ክበብ ሶል በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ቀን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸክላ ያጫወተ ሰው፤ ዴዝመንድ እንዳይራብ ትኩስ የሥጋ ፓይ ይዞለት የመጣ።

«ባዝ ነው» አለ ዴዝመንድ። «ግሌን ጨዋ ሰው ነው።»

ኖሪን ባዶውን ሸክላ አገላበጠችው። ሌባው በንጹሕ የወረቀት ከረጢት ከትቶታል፤ አቧራ እንዳይገባም የከረጢቱን አፍ ወደ ጎን አዙሮታል። ለማታለያ ላስቀመጠው ባዶ ሸክላ እንኳ የሚሳሳ ሰው ሰብሳቢ መሆን አለበት። በዚህ ከተማ ግን ይህ ማንንም ከተጠርጣሪነት አያወጣም።

ባዝ ትሬልፎል ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ቀረበ።

«ማክሰኞ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

«ስጮህ ነበር፣ እህት ዓለም። ዐሥራ ስምንት ወር ጠበቅሁ። ሚስቴ መንታ ስትወልድ እንኳ ዘጠኝ ወር ነው የፈጀባት።»

«ጩኸትህን ጨረስህና ሰረቅኸው።»

«ብሰርቀው ኖሮ ቤቴ ቁጭ ብዬ እየሰማሁት ነበር። እዚህ ይህን የሳሙና ውኃ የመሰለ ሻይ ምን አስጠጣኝ?»

«መኪና ማቆሚያህ ውስጥ ከቀለም ቆርቆሮዎች ኋላ የተደበቀ ሣጥን አግኝተናል። ስልሳ ሸክላ አለበት።»

የባዝ ፊት አመድ መሰለ። «እሱማ ከሚስቴ የደበቅሁት ነው። መግዛት አቁሜአለሁ ብዬ ምዬላታለሁ። ከፈለግሽ እሰሪኝ፤ ለእሷ ግን አትንገሪብኝ።»

ስልሳውም ሸክላ በደረሰኝ የተገዛ ሆኖ ተገኘ። ኖሪን ለቀቀችው።

በዚያው ምሽት የጣቢያው ስልክ እረፍት አጣ። ሰባት ሰዎች ደወሉ። ሌባው ተያዘ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም፤ የጠየቁት ሸክላው ቢገኝ የትእዛዝ ተራቸው እንደተጠበቀ ይሆን እንደሆነ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሳጅኗ ዲትሮይት ደወለች።

«ጠፋ ነው የምትዪኝ፣ ልጄ?» አለች ቨርሊን ሃጊንስ። ድምጿ ጎርናና ነው፤ የምትሰማውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ታስደግማለች። «እንግዲህ የግራ ጆሮዬ ሞቷል። ቀኙን ደግሞ ሐኪሙ ‘እስከ ገና ቢቆይ ነው’ ብሎኛል። ያንን ልጅ ዴዝመንድን ቶሎ በል ያልሁት ለዚህ ነበር። እሱ ግን ስለ ሽፋኑ ቀለም ይጽፍልኛል።»

ኖሪን ጥርሷን ነከሰች። የምታሳድደው ጥቁር ክብ ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ አንዲት ሴት የሃያ አንድ ዓመት ድምጿን ለመስማት የቀራት ሁለት ወር ብቻ ነው።

«ሌላ ቅጂ የለም፣ እማማ?»

«ነበረ። አንደኛው ለስላሳው ነው፤ ሙዚቃውን ያቀናበረው ሰውዬ ዘንድ ቀረ። ዴዝመንድም ከመበለቲቱ ነው የገዛው። ሁለተኛው ጠንካራ ነበር፤ ለሙከራ አትመው ለማስታወሻ ሰጡኝ። እሱን አንድ የእናንተ አገር ልጅ ወሰደው። ትሑት ልጅ ነበር፤ ‘አሳትሜልሽ እመልሰዋለሁ’ አለኝ። በኋላ በፖስታ ሲመጣ ተሰበረ ብሎ ጻፈልኝ። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ደብዳቤው ቤት ስቀይር ጠፋ። ስሙም አብሮት ጠፋ።»

«ዘፈኑንስ ያስታውሱታል?»

ቨርሊን ሳቀች፤ ጉሮሮዋንም ጠረገች። ከዚያ በዝግታ ዘፈነች፦ ካፖርትህን ውሰድ፣ ብርዱን ተውልኝ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው፤ በሦስተኛውም ድምጿ ተሰበረ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኖሪን ወደ ሠራተኞች ክበብ ሄደች። የሄደችው ምስክር ለመጠየቅ ነበር። ያገኘችው ግን እግር ቶሎ እንዲንሸራተት ዱቄት በተነሰነሰ ወለል ላይ እንደ እንዝርት የሚሾሩ ሁለት መቶ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ነው። የቀረባት ሁሉ ስለ ሌባው ሳይሆን ስለ ዴዝመንድ ስንፍና ያወራላታል። ባዝ አጠገቧ ቆሞ ላቡን በፎጣ ይጠርጋል።

«አሁን ደግሞ የግሌንን ትሰሚያለሽ» አላት። «በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያጫውታት። ‘ሎሬታ ኪንግ’ ይላታል፤ የውሸት ስም ነው። በመሐሉ ያለውን ስሟ የተጻፈበትን ክብ ወረቀት በነጭ ወረቀት ሸፍኖታል።»

«ለምን?»

«ሌላው ሰው እውነተኛውን ስም አውቆ ሸክላዋን ፈልጎ እንዳይገዛት ነዋ። ደንባችን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማወቅ ያልሞከረ የለም።»

መድረኩ ላይ ግሌን ፌርክላፍ፣ ባለ ሽበቱና ባለ ክራቫቱ፣ መርፌውን አወረደ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጡሩምባዎቹ ጮኹ፤ አንዲት ወጣት ሴት መዝፈን ጀመረች።

ካፖርትህን ውሰድ፣ ብርዱን ተውልኝ።

ኖሪን ሁለት መቶውን ሰው እየገፋች መድረኩ ላይ ወጣች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አነሣችው።

«ይቅርታ፣ ሳጅን» አለ ግሌን በለሰለሰ ድምፅ፤ «ጠርዙን ብቻ ይያዙ።»

እሷ ግን ጥፍሯን ከነጩ ወረቀት ጠርዝ ሥር አስገባች።

«እህት ዓለም፣ እሱ አይደረግም» አለ ባዝ ከታች፤ ከልቡ ደንግጦ ነበር።

ወረቀቱ ተቀደደ።  ከወረቀቱ ሥር በእጅ የተጻፈ ስም ነበር፤ ሳጅኗም ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠግታ አነበበችው። «ቨርሊን ሃጊንስ።»

ዐሥራ ስምንት ወር የጠበቁት ዘፈን ሠላሳ ዓመት የጨፈሩበት ዘፈን ነበር።  ባዝ ብቻ «የእኔን ትእዛዝ ሰርዙልኝ» ብሎ አጉረመረመ፤ ወዲያው ደግሞ «ተዉት፣ አትሰርዙት» አለ።

ግሌን በጣቢያው ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ያቺን የወሰድሁት በልጅነቴ ነው። ልመልስላት ነበር።»

«ተሰበረ ብለህ ጻፍህላት።»

«አንድ ጊዜ አጫወትኋት፤ አዳራሹ አበደ። አንድ ወር ብቻ ላቆያት አልሁ። ከዚያ ሌላ ወር። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልስ?»

«የዴዝመንድንስ?»

«የራሴ እያለኝ የእሱ ምን ያደርግልኛል?»

«ቢታተም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ሁሉም ያውቁሃል። ቨርሊንን እንዳታለልሃት ያውቃሉ። የምትታወቅበት ነገርም በአራት መቶ ቤት ይገኛል። ይህ ነው የሚያደርግልህ።»

ግሌን የቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ከጣቢያው ወደ ግሌን ቤት ይዘውት ሄዱ፤ ሁለት ክፍሎቹ ስድስት ሺህ ሸክላ ይዘዋል። ሁለት ፖሊሶች ምድጃውን፣ ፍራሹን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ውኃ ማጠራቀሚያ ሳይቀር በረበሩ። ኖሪን ራሷን ያማት ጀመር።

«በምን ተራ ነው የምትደረድራቸው?» አለችው።

«በዘፋኙ የአባት ስም፣ በፊደል ተራ ነዋ» አለ ግሌን ተቆጥቶ። «ሌላ በምን ይደረደራል?»

ሳጅኗ ለአፍታ አየችው። ከዚያ ሃጊንስ ወደሚገኝበት መደርደሪያ ሄዳ እጇን ሰደደች።

ሸክላው በቦታው ነበር። በንጹሕ ከረጢት ተከቷል፤ የከረጢቱም አፍ ወደ ጎን ዞሯል። ከላዩ አንዲት ካርድ ተያይዛለች፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የዘፋኟ ስም፣ የዘፈኑ ርእስና የተገኘበት ቀን ሰፍሮባታል፦ ማክሰኞ።

«የሰረቅኸውን መዘገብኸው?»

«ልሰብረው ነበር ያመጣሁት» አለ ግሌን። «መዶሻውን አንሥቼ ነበር፤ አልቻልሁም። መደርደሪያ ላይ የገባ ሸክላ ደግሞ ካርድ ከሌለው ... እርስዎ አይገባዎትም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አይገባኝም» አለች ኖሪን።

ከዚያ ወዲያ ዴዝመንድ ስለ ሽፋኑ ቀለም እንዲናገር ማንም ሰው አልፈቀደለትም። ሸክላው ታኅሣሥ አጋማሽ ታተመ። የመጀመሪያው ቅጂ ዲትሮይት በደረሰ ማግስት ኖሪን ደወለች።

«ሰማሁት» አለች ቨርሊን። «ቀኙን ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ቆንጆ ድምፅ ነበረኝ፣ ልጄ። ለካ እዚያ ሠላሳ ዓመት ጨፍረውበታል?»

«አዎ፣ እማማ። አዳራሹ ሙሉ።»



«ስሜን ግን አያውቁትም ነበር» አለች።

ቃሏ በጽሑፍ ተደርጎ በየካቲት ወር ለፍርድ ቤት ተነበበ። ግሌን ፌርክላፍ ከሱቅ በመስረቅና አታሎ በመውሰድ በሁለቱም ክሶች ጥፋተኛ ተባለ። ዐሥር ወር እስራት ተፈረደበት፤ አምስቱን ወር በእስር ቤት ፈጸመ። ስሙ በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ የኖረው ሸክላ ለቨርሊን ሃጊንስ ተመለሰላት። የክበቡ አባላትም ተሰብስበው፣ አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይኖር፣ ከመድረኩም ከአዳራሹም ለዘለዓለም አገዱት።